ሚሉቲን ሚላንኮቪች (እ.ኤ.አ. 1879–1958)

ሰርቢያዊው የሒሳብ ሊቅ ሚሉቲን ሚላንኮቪች በቪየና በኮንክሪት ግንባታ መሐንዲስነት ሠርተው በ1909 ወደ ቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በ1914 በጦርነቱ ምክንያት ቢታሰሩም፣ በኋላም በቡዳፔስት በግዞት ቢቆዩም ስሌታቸውን አላቋረጡም፤ ያውም በእጅ የሚሠራ ስሌት ነበር። የምድር ምሕዋርና የዘንጓ አዘነባበል ሲለዋወጡ፣ ሰሜኑ በሰኔና በሐምሌ የሚያገኘው የፀሐይ ሙቀት ቀንሶ የበረዶ ዘመን እንደሚመጣ አስረዱ። ብዙዎች ግን አልተቀበሏቸውም።

ማስረጃው የተገኘው ከደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ወለል በወጣ ደለል ውስጥ ነው። የየብስ በረዶ ሲበዛ ከባዱ ኦክስጅን በባሕሩ ውስጥ ይበረክታል፤ ደቂቅ ፍጥረታትም በዛጎላቸው ይይዙታል። ይህ ተለክቶ በ1976 የታተመው ጥናት በ100,000፣ በ42,000 እና በ23,000 ዓመታት ገደማ የሚመላለሱ ዑደቶችን አሳየ። ሚላንኮቪች ግን ካረፉ 18 ዓመት ሆኗቸው ነበር።