የወላጆች ሞት በአባ እንጦንስ ሕይወት

የመነኮሳት አባት የአባ እንጦንስ ዜና በየገዳሙና በየአድባራቱ ሲነገር፥ ጆሮአችን የለመደው ከአጋንንት ጋራ ያደረገውን ተጋድሎና በበረሓ የኖረበትን የዓመታት ብዛት ነው። ነገር ግን ይህ ታላቅ አባት ከመመንኰሱ በፊት እናቱንም አባቱንም የቀበረ ወጣት እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፋለን። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የፈቀድነው ይህንኑ ነው፤ ወላጁን ቀብሮ መጽናናትን ያጣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ታጥቶ አያውቅምና።

እንጦንስ በ251 ዓ.ም. ገደማ በግብፅ አገር ቆማ በምትባል መንደር ተወለደ (ዘመኑን የምንጽፈው እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው)። ወላጆቹ ክርስቲያኖችና ባለጸጎች ነበሩ። እርሱም ከነርሱ፥ ከቤቱና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ሌላ ሳያውቅ አደገ። ከልጆች ጋራ መዋልን ስላልወደደ ወደ ትምህርት ቤት እንኳ አልሄደም፤ ወላጆቹን ተከትሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ግን የሚነበበውን በልቡ ይይዝ ነበር። እንግዲህ የዚህ ልጅ ዓለም እናትና አባቱ ነበሩ ማለት ነው። ዕድሜው 18 ወይም 20 ዓመት ሲሆን ሁለቱም አረፉ። የቀረችለት አንዲት ታናሽ እኅት ብቻ ነበረች፤ ቤቱን መጠበቅና እርስዋን ማሳደግ በርሱ ላይ ወደቀ።

ገድሉን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ልቅሶው አንዳች አይነግረንም። ከዚህ ተነሥቶ እንጦንስ እንደ ሰው አላዘነም የሚል ቢኖር ግን ገድሉን እስከ መጨረሻው አላነበበውም እንላለን፤ ምክንያቱን ወደ ፊት እናመለክታለን።

ወላጆቹ ካረፉ ስድስት ወር ሳይሞላ ከዕለታት አንድ ቀን እንደ ልማዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። በእኛ አገር የሙት መንፈቅ የሚታሰበው በዚህ ጊዜ ነው። ሐዘንተኛ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አስተዛዛኙ ተበትኖ ቤቱ ጸጥ የሚለውና ሐዘኑ የሚጸናው ያን ጊዜ ነው። ከእናትና ከአባቱ ጋራ ይመላለስበት የነበረውን መንገድ ብቻውን ሲሄድበት ምን እንደ ተሰማው ሐዘን የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል። እርሱ ግን መንገዱን አልተወም። ሲሄድም ሐዋርያት ሁሉን ትተው ጌታን እንደ ተከተሉ፥ ምእመናንም ያላቸውን ሸጠው ዋጋውን በሐዋርያት እግር ሥር እንዳኖሩ ያስብ ነበር። በገባ ጊዜ ወንጌል ይነበብ ነበርና፥ ጌታ ለባለጸጋው ጐልማሳ የነገረውን ቃል ሰማ፤ ለርሱ እንደ ተነበበ አድርጎም ተቀበለው። ከአባቶቹ የወረሰውን 300 አሩራ መሬት፥ ይኸውም በእኛ ልክ ሁለት ጋሻ ያህል የሚሆነውን፥ ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። የቤቱን ዕቃ ሸጦ ለድኾች መጸወተ፤ ለእኅቱ ግን ጥቂት አስቀረላት።

ሐዘንተኛ ያባቱን ርስት በችኰላ እንዳይሸጥ ሽማግሎች የሚሰጡት ምክር መልካም ምክር ነው፤ እኛም ለንስሓ ልጆቻችን የምንመክረው ነው። ስለዚህ እንጦንስ ይህን ያደረገው ከሐዘኑ ለመሸሽ ነው የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስደንቅም። ሥራው ግን የሚሸሽ ሰው ሥራ አይደለም። ሁለተኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ስለ ነገ መጨነቅ እንደማይገባ ሲሰማ፥ የቀረውን ገንዘብ የሰጠው እኅቱን በምግባራቸው ለታወቁ ደናግል አደራ ብሎ ነው። ራሱም ሩቅ አገር አልሄደም፤ በቤቱ አጠገብ ተቀመጠ እንጂ።

ሐዘኑም ቢሆን በአንድ ቀን ውሳኔ አልተወውም። ጠላት መጀመሪያ የተዋጋው በአውሬ አምሳል አልነበረም። የተወውን ርስት፥ የእኅቱን ነገርና የዘመድ ፍቅርን እያሳሰበ ነበር እንጂ። ምክንያቱን እናመለክታለን ያልነው ይህ ነው። ወላጆቹን የረሳ ሰው በቤቱ ትዝታ አይፈተንም።

ታዲያ በምን ጸና? በእጁ ይሠራ ነበር፤ ካገኘውም ለእንጀራው የሚበቃውን አስቀርቶ ሌላውን ለድኾች ይሰጥ ነበር። በቅርብ መንደር ከሕፃንነቱ ጀምሮ በብሕትውና የኖረ አንድ ሽማግሌ ነበረና፥ ወደ እርሱ ሄዶ ኑሮውን ተመለከተ። ከዚያም በያለበት ያሉትን ትጉሃን እየፈለገ፥ ካንዱ ትዕግሥትን፥ ካንዱ ትሕትናን፥ ካንዱም የሌሊት ጸሎትን ተማረ። የአገሩም ሰዎች ወደዱት፤ እኩሌቶቹ እንደ ልጅ፥ እኩሌቶቹም እንደ ወንድም ተቀበሉት። በእኛ አስተያየት ከገድሉ ሁሉ ለሐዘንተኛ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው። አባቱን ያጣው ልጅ ብዙ አባቶችን ያገኘው ሐዘኑን ይዞ ብቻውን ስላልተቀመጠና ሊማር ስለ ወጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የታወቀ ነው። በመቃብር ቤት ተጋደለ፤ በበረሓ በፈረሰ ምሽግ ሃያ ዓመት ያህል ተዘግቶ ቈየ፤ በ305 ዓ.ም. ገደማ ወጥቶ የብዙ መነኮሳት አባት ሆነ። በ311 ዓ.ም. በማክሲሚኖስ ስደት ጊዜ ወደ እስክንድርያ ወርዶ የታሰሩትን ያጽናና ነበር። እርሱ ራሱ ያጽናናቸው ሐዘንተኞችም ብዙዎች ናቸው፤ እያዘነ ወደ እርሱ መጥቶ ደስ ሳይለው የተመለሰ እንዳልነበረ አትናቴዎስ መስክሮአል። እኅቱንም ከብዙ ዘመን በኋላ አገኛት፤ በድንግልና አርጅታ፥ እርስዋም የሌሎች ደናግል አለቃ ሆና ነበርና እጅግ ደስ አለው።

በዚያ ዘመን ግብፃውያን የከበሩ ሰዎቻቸውን፥ ይልቁንም የሰማዕታትን ሥጋ፥ በበፍታ ገንዘው ከምድር በታች ሳይቀብሩ በአልጋ ላይ አድርገው በቤታቸው ያኖሩት ነበር። ሙታንን ማክበር ይህ ይመስላቸው ነበር። አባ እንጦንስ ይህን ልማድ አጥብቆ ተቃወመ፤ ሕዝቡን እንዲያስተምሩ ኤጲስ ቆጶሳቱን ይለምን ነበር። የአበውና የነቢያት፥ የጌታም ሥጋ እንኳ በመቃብር እንዳረፈ እያስረዳ ብዙዎችን ሙታናቸውን እንዲቀብሩ አደረጋቸው። በወጣትነቱ ወላጆቹን ለምድር አደራ የሰጠ ሰው የተናገረው ነውና ነገሩ ይከብዳል።

በ356 ዓ.ም. በ105 ዓመቱ የዕረፍቱ ቀን በደረሰ ጊዜ፥ ስለ እርጅናው ዐሥራ አምስት ዓመት ያገለገሉትን ሁለቱን መነኮሳት ጠርቶ፥ ሥጋውን ወደ ግብፅ ከተሞች እንዳይወስዱት፥ ቦታውንም ለማንም ሳይነግሩ ከምድር በታች እንዲቀብሩት አዘዛቸው። ከሁለቱ የበግ ለምዶቹ አንዱን ለአትናቴዎስ፥ አንዱን ለኤጲስ ቆጶስ ሰራብዮን፥ የጠጕር ልብሱን ለነርሱ ተናዘዘ። እነርሱም እንዳዘዛቸው ቀበሩት፤ አትናቴዎስ ገድሉን እስከ ጻፈ ድረስ ከሁለቱ በቀር መቃብሩን የሚያውቅ አልነበረም።