በቆርቆሮ ክዳን ላይ የተተከለች ገነት፤ የሲ. ኤስ. ሉዊስ የሕይወት ታሪክ

ገነት የሚለው ቃል በግእዝም በአማርኛም ሁለት ነገር ይዟል፤ ይኸውም አትክልት የሚተከልበት ስፍራ፣ ደግሞም አዳም ትእዛዝ አፍርሶ የተሰደደባት ቦታ ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን በልጆች መጽሐፍ አንድ አድርገው ካሳዩት ደራስያን መካከል ስሙ የታወቀው ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሉዊስ ኖቬምበር 29 ቀን 1898 ዓ.ም. በአየርላንድ በቤልፋስት ከተማ ተወለደ። አባቱ አልበርት የሕግ ጠበቃ ነበረ፤ እናቱ ፍሎራም በሒሳብ ትምህርት የተመረቀች ሴት ነበረች። ገና ሕፃን ሳለ ታላቅ ወንድሙ ዋረን በብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ፣ በርጥብ ስፍራ የሚበቅለውን ለስላሳ አረንጓዴ ሽበት አንጥፎ፣ ጭራሮና አበባ ሰክቶ፣ የጨዋታ አትክልት ሠርቶ አሳየው። ሉዊስ በ1955 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ገለጸው፣ የውበትን ነገር መጀመሪያ ያወቀው በዚያች ክዳን ነው፤ ገነትንም ባሰበ ቍጥር የወንድሙ ሥራ ከዐይነ ኅሊናው አልጠፋም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እናቱ በነቀርሳ ታመመች። ሕፃኑ እንድትድንለት ጸለየ፤ እርስዋ ግን ኦገስት 23 ቀን 1908 ዐረፈች። ጥቂት ሳምንት ሳይቈይም ከቤቱ ተለይቶ በእንግሊዝ አገር ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ተላከ። ከዚያ በኋላ በወጣትነቱ ሃይማኖቱን ተወ። በ1917 ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በሞላው ቀን በፈረንሳይ ከጦር ግንባር ደረሰ፤ በተከታዩም ዓመት በኤፕሪል ወር ቈሰለ። በ1925 በኦክስፎርድ የሞድሊን ኮሌጅ መምህር ሆነ። በሴፕቴምበር 1931 ከወዳጆቹ ከቶልኪንና ከዳይሰን ጋር በኮሌጁ የዛፍ ጥላ መንገድ እየተመላለሰ እስከ ሌሊት ሲነጋገር አመሸ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ወደ ክርስትና ተመለሰ።

በ1942 እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን በ1667 ስለ አዳም ውድቀት በጻፈው ታላቅ ግጥም ላይ መግቢያ የሚሆን መጽሐፍ አሳተመ። ሚልተን ገነትን በተራራ ራስ ላይ፣ በቅጥር ተከባ፣ ደጃፏ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት አድርጎ ሥሏታል፤ ሰይጣንም በደጃፍ መግባትን ንቆ ቅጥሩን ዘሎ ይገባል። በዚሁ ግጥም ውስጥ የኢትዮጵያ ነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት የአማራ ተራራ በስም ተነሥቷል፤ እርሱም ምእመናን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የሚሳለሙት አምባ ግሸን ነው። ዝናው በፖርቱጋላዊው ቄስ በአልቫሬዝና በሌሎች ጸሐፊዎች ወደ አውሮፓ ደርሶ፣ አንዳንዶች እውነተኛይቱ ገነት እርሱ ነው ይሉ ነበር። ሚልተን ግን የኤዶም ገነት ከእርሱ ትበልጣለች ብሎ ለማነጻጸሪያ አቀረበው።

ሉዊስ ከ1950 እስከ 1956 ናርንያ ስለምትባል በልብ ወለድ ስለ ተፈጠረች አገር ሰባት የልጆች መጻሕፍት አወጣ። በ1955 በታተመው፣ ስሙ የአስማተኛው የእኅት ልጅ በሚባለው መጽሐፍ፣ ዲገሪ የሚባል ልጅ እናቱ ለሞት የሚያደርስ ደዌ ይዟት ይጨነቃል። ልጁ በፍጥረት ቀን ጠንቋይቱን ወደ ናርንያ ስላስገባ፣ ጥፋቱን ይክስ ዘንድ ከሩቅ ገነት አንድ ፍሬ እንዲያመጣ አንበሳው አስላን ያዝዘዋል። ገነቲቱም በተራራ ራስ ላይ የታጠረች፣ ደጃፏ ወርቅ የሆነ፣ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ነው። በደጃፉ ላይ የተጻፈውም ቃል፣ የሚገባ ሁሉ በደጅ እንዲገባ፣ ፍሬውንም ለሌላ እንዲወስድ ያዝዛል። ጠንቋይቱ በቅጥሩ ተንጠላጥላ ገብታ ፍሬውን በላች፤ ልጁንም ሰርቀህ ለእናትህ ውሰድላት፣ ትድናለች እያለች ፈተነችው። እርሱ ግን ቃሉን ጠበቀ።

የምሳሌው ፍች እንዲህ ነው። ቅጥሩ ሕግ ነው፤ ደጃፉ መታዘዝ ነው፤ ፍሬውም በራሱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ በስርቆት ሲወሰድ መርዝ የሚሆን ስጦታ ነው። ጠንቋይቱ የማያልቅ ዕድሜ አገኘች፤ ነገር ግን ልቧ ክፉ ስለሆነ ዕድሜው መከራዋን አረዘመው። ልጁ ያመጣው ፍሬ ተተክሎ ለአገሪቱ ጠባቂ ዛፍ ሆነ፤ ከዚያም ዛፍ አስላን በፈቃዱ አንድ ፍሬ ሰጠው፤ እናቱም በልታ ዳነች። በኤዶም አዳም የተከለከለውን ወሰደ፤ በዚህ ግን ልጁ ከተከለከለው ታቅቦ የተሰጠውን ተቀበለ።

ነገር ግን የሉዊስ እናት አልዳነችም። የእርሱ ጸሎት ሳይፈጸም የቀረ ሲሆን፣ በመጽሐፉ የልጁ እናት መዳኗ ሐዘኑን ለማታለል የተጻፈ እንዳይመስል የሚያስተውል ሰው አንድ ነገር ይመልከት፤ ዲገሪ በታዘዘ ጊዜ እናቱ እንደምትድን ምንም ተስፋ አልተሰጠውም። የሚሞትባትን እያወቀ ታዘዘ። በእንባውም ጊዜ ቀና ብሎ ቢያይ፣ ከእርሱ እንባ የሚበልጥ እንባ በአስላን ዐይን ሞልቶ አየ። ሐዘንተኛው ልጅ ከመድኀኒቱ አስቀድሞ ያገኘው ይህን ነው።

ሉዊስ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ዐረፈ፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደለው በዚያው ቀን ስለሆነ ሞቱን ያወቀ ጥቂት ነበር። የተቀበረው በኦክስፎርድ አጠገብ በሄዲንግተን ኳሪ በቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነው። ወንድሙ ዋረን በመቃብሩ ላይ ያስቀረጸው ቃል፣ እናታቸው በሞተችበት ቀን በቤታቸው የቀን መቍጠሪያ ላይ ተጽፎ የነበረው የሼክስፒር ቃል ነው። በ1973 ዋረንም ሲሞት በዚያው መቃብር ተቀበረ። በክዳን ላይ ገነት የተከለውና ያችን ገነት ተመልክቶ መጽሐፍ የጻፈው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ በአንድ ቅጽር ውስጥ ትንሣኤን ይጠብቃሉ።