ከትንሿ ባቡር እስከ ታላቁ ፋብሪካ
የማትያስ ባልድዊን የሕይወት ታሪክ

የምድር ባቡር ታሪክ የሚወዱ ሰዎች፤ የጥንቶቹን የአሜሪካ የእንፋሎት ባቡሮች አምሳያ በነሐስና በሌላም ብረት አሳንሰው እያሠሩ በቤታቸው ያኖራሉ። ከእነዚህም አምሳያዎች ብዙዎቹ የእውነተኛውን ባቡር መጠን 87 ጊዜ ያህል ያነሱ ናቸው። አንዳንዶቹም በተወሰነ ቁጥር ብቻ ስለሚሠሩ ዋጋቸው ውድ ነው። ዳሩ ግን ትንሽ ባቡር መሥራት ለጌጥ ብቻ የዋለ ጥበብ አይደለም። ከአሜሪካ የባቡር ሞተር ፋብሪካዎች ዋነኛ ለሆነው ፋብሪካ መነሻ የሆነው፤ ለሙዚየም መታያ የተሠራ አንድ ትንሽ ባቡር ነው። ሠሪውም ማትያስ ባልድዊን ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ባልድዊን በዲሴምበር 10 ቀን 1795 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ግዛት በኤልዛቤትታውን ተወለደ። አባቱ ሠረገላ ሠሪና ጥሩ ሀብት የነበረው ሰው ነበር። ነገር ግን ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። የተወውም ሀብት በአደራ በተቀበሉት ሰዎች እጅ ስለ ባከነ፤ ቤተ ሰቡ በችግር ላይ ወደቀ። ስለዚህ ማትያስ 16 ዓመት ሲሆነው በዚያን ጊዜ በፊላዴልፊያ አጠገብ በነበረችው በፍራንክፎርድ ከአንጥረኞች ዘንድ ገብቶ የጌጣጌጥ ሥራ ተማረ።

በ1825 ዓ.ም. ዴቪድ ሜሰን ከሚባል መካኒክ ጋር ተሻርኮ የመጽሐፍ መጠረዣ መሣሪያና የጨርቅ ማተሚያ ሲሊንደር መሥራት ጀመረ። ሥራው እየሰፋ በሄደ ጊዜ የገዛው የእንፋሎት ሞተር አላረካውም፤ ስለዚህ ጠባብ ቦታ የሚበቃው ሌላ ሞተር ራሱ ነድፎ ሠራ። ይህም ሞተር ለብዙ ዘመን ሲያገለግል ቆይቷል።

የዚህ ሞተር ዝና በተሰማ ጊዜ፤ የፊላዴልፊያ ሙዚየም ኃላፊ ፍራንክሊን ፒል ለሕዝብ የሚታይ ትንሽ ባቡር እንዲሠራለት ጠየቀው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የእንፋሎት ባቡር ያየ ሰው ጥቂት ነበር። ባልድዊንም ጥቂት መግለጫዎችንና ሥዕሎችን ብቻ ተመልክቶ ሥራውን ፈጸመ። ትንሿ ባቡር በኤፕሪል 25 ቀን 1831 ዓ.ም. በሙዚየሙ ውስጥ ሄደች። ሐዲዱ ክብ ሆኖ ከጥድ ሳንቃ የተሠራና በላዩ ቀጭን ብረት የተለበጠ ነበር። እርሷም አራት ሰዎች የተቀመጡባቸውን ሁለት ትንንሽ ጋሪዎች ስትጎትት ሕዝቡ እየተሰበሰበ በመደነቅ ይመለከት ነበር።

ከዚህ በኋላ የፊላዴልፊያ፤ ጀርመንታውንና ኖሪስታውን ምድር ባቡር ኩባንያ እውነተኛ ባቡር አዘዘው። ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያም ሆነ የሠለጠነ ሠራተኛ አልነበረም። ስለዚህ ባልድዊን አብዛኛውን ሥራ በገዛ እጁ እየሠራ ሠራተኞቹን ያስተምር ነበር። «ኦልድ አይረንሳይድስ» የተባለው ይህ ባቡር ከ5 ቶን ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፤ በኖቬምበር 23 ቀን 1832 ዓ.ም. ተሞከረ። ነገር ግን ዝናም በዘነመ ቀን ጋሪዎቹን የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ። በዋጋውም ክርክር ተነሥቶ፤ በ4,000 ዶላር ውል የተሠራው ባቡር 3,500 ዶላር ብቻ ተከፈለበት። ባልድዊን በዚህ አዝኖ ሁለተኛ ባቡር እንደማይሠራ ተናገረ። ሆኖም በ1834 ዓ.ም. ለደቡብ ካሮላይና ሁለተኛውን ሠራ፤ በ1836 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ዓመት ብቻ 40 ባቡሮች ከፋብሪካው ወጡ።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በ1837 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ታላቅ የገንዘብ ቀውስ ደርሶ ብዙ ነጋዴዎች ከሰሩ፤ ባልድዊንም በዕዳ ተያዘ። አበዳሪዎቹን ሰብስቦ፤ ንብረቱን ቢወስዱ ከዕዳው ሩቡን ያህል ብቻ እንደሚያገኙ፤ ጊዜ ቢሰጡት ግን በሦስት ዓመት ከነወለዱ እንደሚከፍል ነገራቸው። እነርሱም አምነው ጊዜ ሰጡት። መክፈሉ አምስት ዓመት ቢፈጅበትም ቃሉን አላጠፈም፤ ዕዳውን ሁሉ ከነወለዱ ከፈለ።

በዚያው ዓመት የፔንሲልቫኒያን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል በተደረገው ጉባኤ አባል ሆኖ፤ ጥቁሮች የመምረጥ መብት እንዲኖራቸው ተከራከረ። ጉባኤው ግን ይህን መብት ለነጮች ብቻ ወሰነው። ከዚያም በፊት በ1835 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ለጥቁሮች ልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ ሰጥቶ፤ የመምህራኑን ደመወዝ ለብዙ ዓመታት ከፍሏል። ባርነትን በመቃወሙ ምክንያት፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት በደቡብ የነበሩ የምድር ባቡር ኩባንያዎች የእርሱን ባቡር አንገዛም አሉ። እርሱ ግን ገበያውን ለማስመለስ ሲል ሐሳቡን አልለወጠም።

ባልድዊን በሴፕቴምበር 7 ቀን 1866 ዓ.ም. ሲሞት ፋብሪካው ከ1,500 በላይ ባቡሮች ሠርቶ ነበር። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ቁጥሩ ከ70,000 በላይ ደረሰ። በ1926 ዓ.ም. የተሠራው 60,000ኛው ባቡር በፊላዴልፊያ በፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ለሕዝብ ይታያል። ከዚሁ ተቋም መሥራቾች አንዱ ራሱ ባልድዊን ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ትምህርት የጨረሰ ወጣት በመጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ትንሽ መስሎ ሊታየው ይችላል። ለባልድዊንም የመጣው ትእዛዝ የመታያ ባቡር ነበር፤ ነገር ግን በሙሉ ልቡ ስለ ሠራው የትልቁን በር ከፈተለት። በሩ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ያቆመው ጥበቡ ብቻ ሳይሆን፤ በችግር ቀን ቃሉን መጠበቁና ትርፉ ሲጎድልም ከእውነት አለመራቁ ነው።