ዝም ያሉት ሕመምተኞችና ዶክተር ፍራንዝ ፋኖን

ነገ ተመርቀን ስንወጣ ማስተማር ብቻ ሳይሆን ተማሪን መምከርም ሥራችን ነው። የምንመደብበትን ወረዳ ቋንቋና ወግ ላናውቅ እንችላለን። ታዲያ ልጁ ፊታችን ቆሞ ዝም ቢል ጥፋቱ የማን ነው? የአንድ ታዋቂ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ለዚህ መልስ አለው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍራንዝ ፋኖን በ1925 ያኔ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበረችው በማርቲኒክ ደሴት ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከነጻ ፈረንሳይ ጦር ጋር ዘምቶ ቆሰለ። ከዚያም በሊዮን ከተማ ሕክምና ተምሮ የአእምሮ ሐኪም ሆነ።

በ1953 መጨረሻ ወደ አልጄሪያ ሄዶ በብሊዳ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። በሱ ሥር 165 አውሮፓውያን ሴቶችና 220 ሙስሊም ወንዶች ነበሩ። ፋኖን ሕመምተኛ ተዘግቶበት መቀመጡን አይወድም። ስለዚህ ስብሰባ፣ ዘፈን፣ የበዓል ዝግጅትና ጋዜጣ እንዲኖር አደረገ። ሴቶቹ ወዲያው ለመዱት፤ ብዙዎቹም ተሻላቸው። ወንዶቹስ? እነሱማ ጭራሽ ዝም አሉ። ስብሰባው ላይ ይቀመጣሉ እንጂ አይናገሩም። ጋዜጣውንም ማን ያንብበው? አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም።

በዚያ ዘመን በአልጀርስ የነበሩ ፈረንሳውያን የአእምሮ ሐኪሞች ሰሜን አፍሪካዊው በተፈጥሮው ሰነፍና ለወንጀል የቀረበ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ፋኖንም ጥፋቱን በሕመምተኞቹ ላይ ቢያላክክ ማንም አይጠይቀውም ነበር። እሱ ግን ጥፋቱን ከራሱ ፈለገ። ዣክ አዙሌ ከተባለው ረዳቱ ጋር ነገሩን መርምሮ፣ መሳሳታቸውን በ1954 በጽሑፍ አወጡ። የአውሮፓን ወግ እንዳለ አምጥተው በሌላ ሕዝብ ላይ ጭነው ነበር። በዚያ ላይ ፋኖን አረብኛ ስለማያውቅ የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ነው። አልጄሪያዊው ደግሞ አስተርጓሚ የሚያውቀው በፍርድ ቤትና በመንግሥት ቢሮ ነው። ታዲያ እንዲህ ባለ ሰው ፊት ማን ልቡን ይከፍታል?

ከዚያ በኋላ በሆስፒታሉ ውስጥ እንደ አገሩ ልማድ ቡና ቤት ተከፈተ፣ የሙስሊሞች በዓላት ተከበሩ፣ ተረት ነጋሪም ተጠራ። ያኔ ወንዶቹ መሳተፍ ጀመሩ።

በ1956 ደግሞ ፋኖን ሌላ ነገር አሳየ። ለሙስሊም ሴቶች ሥዕል እየቀረበላቸው ታሪክ እንዲፈጥሩ ሲጠየቁ ብዙ አልተናገሩም። ሥዕሉ የአውሮፓ ኑሮ ነውና። የወደቀው ፈተናው ነው እንጂ ሴቶቹ አይደሉም።

የአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት በ1954 ተጀምሮ ነበር። ፋኖን በ1956 ሥራውን ለቀቀ፤ በ1957 መጀመሪያ ከአገር ተባረረ። ቱኒስ ሆኖ ለነጻነት ግንባሩ ሠራ። በታኅሣሥ 1961፣ በ36 ዓመቱ፣ አሜሪካ ውስጥ በደም ካንሰር ሞተ። አስከሬኑ በአልጄሪያ መሬት ተቀበረ። በ1962 የመጣውን ነጻነት አላየም።

እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ፋኖን ራሱ ጥቁር ነው፤ ራሱ የቅኝ ግዛት ልጅ ነው። ያም ሆኖ አልጄሪያዊውን ሳይጠይቅ አላወቀውም። እኛም የአገር ልጅ መሆናችን ብቻ አይበቃንም። የምንሄድበትን አካባቢ ሰላምታ፣ በዓልና ጨዋታ ቀድመን እንማር። ልጁ ዝም ሲል ሰነፍ ነው ከማለታችን በፊት፣ እኔ በምን ቋንቋ ጠየቅሁት፣ በማንስ ፊት ጠየቅሁት እንበል።