ባለቅኔው የጠመንጃ ነጋዴ

ሐረር የሄደ እንግዳ ራምቦ ቤትን ሳይጎበኝ አይመለስም። ቤቱ ከሰውየው በኋላ የተሠራ መሆኑን የሚያውቁም ቢሆኑ ጣሪያው ላይ የተሳለውን ሥዕልና ባለቀለም መስታወቱን አይተው ይረካሉ። ስለ አርተር ራምቦ ግጥም የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ብዙ ብለዋል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። የሕግ ትምህርት ለተማረ ሰው ይበልጥ የሚጥመው የገጣሚው ሌላ ሥራ ነው። ራምቦ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሸጧል፤ በሽያጩም ተከራክሯል፣ ከስሯል፣ አቤት ብሏል። ቀኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ጥቅምት 20 ቀን 1854 በሰሜን ፈረንሳይ ሻርልቪል ከተማ ተወለደ። የፈረንሳይን ሥነ ግጥም የለወጠበትን ሥራ ሠርቶ ሲያበቃ ገና 21 ዓመት አልሞላውም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ። ከጥይት ጋር የተዋወቀው ቀደም ብሎ ነው። ሐምሌ 10 ቀን 1873 ብራስልስ ላይ ወዳጁ ገጣሚ ፖል ቬርሌን ሰክሮ በሽጉጥ ተኩሶ አንጓው ላይ አቆሰለው፤ ቬርሌንም የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ያ 7 ሚሊሜትር ሽጉጥ በ2016 ፓሪስ ውስጥ በጨረታ ከ430 ሺህ ዩሮ በላይ ተሽጧል። ራምቦ ራሱ ኋላ ላይ ከነገደባቸው ጠመንጃዎች አንዱ የተገዛው በሰባትና በስምንት ፍራንክ እንደነበር ሳስታውስ ፈገግ እላለሁ።

ከዚያ በኋላ አገር ለአገር ዞረ። ለኔዘርላንድ ቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ ጃቫ ደረሰና ከዳ፤ ቆጵሮስ ላይ የግንባታ ሠራተኞች ኃላፊ ሆነ። በ1880 ኤደን ወርዶ በባርዴ የንግድ ቤት ተቀጠረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐረር ገባ። ሐረር ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ እየገዛ ወደ ኤደን ይልክ ነበር።

ትልቁ ውርርድ የመጣው በጥቅምት 1885 ነው። ፒየር ላባቱ የሚባል፣ ሸዋ የኖረና ሚስትም እዚያ የነበረችው ፈረንሳዊ ነጋዴ ለምኒልክ ጠመንጃ የማቅረብ ጉዳይ ይዞ መጣ። ራምቦ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ሸሪክ ሆነ። ጭነቱ 2,040 የካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የረሚንግተን ጥይት ነበር። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ አርባ ዓመት ያለፈባቸው አሮጌዎች ናቸው። ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ካሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች በሰባት ስምንት ፍራንክ ተገዝተው ሸዋ ላይ በአርባ ፍራንክ ያህል ይሸጣሉ ተብሎ ታሰበ።

አንባቢ፣ ንጉሡ ይህን አሮጌ ብረት ምን ሊያደርጉት ነው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ለዚህ ትንሽ ወደ ደቡብ ልውረድ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራ ጂንካ ወስዶኝ ሳለ እስከ ኮልቾ ዘልቄ ነበር። ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ በላይ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች የካሮዎች መንደር ናት። ጎልማሶቹ ክላሽ አንግተዋል። አንድ ሽማግሌ ግን ረጅም አሮጌ ጠመንጃ ይዘው አየሁ። በአስተርጓሚ ብጠይቃቸው ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ የሚመረኮዙት በትር ሆኗል። ጠመንጃ ማለት ጥይቱ ነው፤ ጥይቱ ሲጠፋ ብረቱ ከዱላ አይሻልም።

የካፕሱል ጠመንጃ ይህ ችግር ብዙም አልነበረበትም። ባሩድ በአፈሙዙ ይጨመራል፣ የእርሳስ ድብልብል ተከትሎ በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ ከኋላ ደግሞ ካፕሱል የሚባለው ተቀጣጣይ ያለበት ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋበታል። ባሩዱን አገሬው ያውቅበታል። እርሳሱንም እሳት ላይ አቅልጦ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ማፍሰስ ነው፤ የማንም አንጥረኛ ሥራ ነው። ችግሩ ልኩ ላይ ነው። የድሮዎቹ የፈረንሳይ ጠመንጃዎች የአፈሙዝ ስፋት ወደ 18 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ ከየቦታው የተለቃቀመ መሣሪያ ግን ሁሉም አንድ ልክ አይሆንም። ድብልብሉ ከወፈረ በአፈሙዙ አይገባም፤ ከቀጠነ የባሩዱ ኃይል በጎኑ ያመልጣል። ስለዚህ ባለጠመንጃው ከጠመንጃው እኩል ቅርጽ ማውጫውን መጠበቅ ነበረበት።

ይህ ጥበብ አሁንም አልሞተም። አሜሪካ ውስጥ ከቃታው ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ወደ ላይ እያደረጉ የሚያጎርሱትን የዊንቸስተርና የማርሊን ዓይነት ትልልቅ ጠመንጃ የሚወዱ አዳኞች እርሳሳቸውን ራሳቸው ያፈሳሉ። መጀመሪያ የበርሜላቸውን የውስጥ ስፋት ይለካሉ፤ ከዚያ ከእሱ በፀጉር ያህል የሚወፍር ጥይት የሚያወጣ ቅርጽ ይመርጣሉ። ጫፉም ጠፍጣፋ እንዲሆን ይፈልጋሉ። በእነዚህ ጠመንጃዎች ጥይቶቹ በቱቦ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ይሰለፋሉና፣ ሹል ጫፍ የፊተኛውን ካፕሱል ወግቶ ሊያፈነዳው ይችላል። ዛሬ ይህ የቅዳሜና እሑድ መዝናኛ ነው፤ በ1880ዎቹ ሸዋ ግን የመንግሥት ጉዳይ ነበር።

ወደ ራምቦ ልመለስ። ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል እስኪቀረው ተቀመጠ። ግመል ጠፋ፤ በሚያዝያ 1886 ደግሞ ፈረንሳይ የመሣሪያ ማስገቢያውን ከለከለችና ብዙ ደብዳቤ ከተጻጻፈ በኋላ ፈቀደች። ላባቱ ታሞ አገሩ ገብቶ ሞተ። አብሮት ሊጓዝ ያሰበው ፖል ሶሌዬም በመስከረም ኤደን ላይ ሞተ። የባራል ቅፍለት በዚያው ዓመት በአፋር በረሃ አልቆ ነበር። ራምቦ በጥቅምት ብቻውን ተነሣ፤ የካቲት 6 ቀን 1887 አንኮበር ገባ። ንጉሡ የሉም፤ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። ሲመለሱ እንጦጦ ድረስ ሄዶ አገኛቸው።

የሆነውን የምናውቀው ራምቦ በኅዳር 1887 ኤደን ላለው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ደ ጋስፓሪ ከጻፈው አቤቱታ ነው። የአንድ ወገን ቃል መሆኑን ልብ ይሏል። ምኒልክ ዕቃውን በሙሉ ያዙና በችርቻሮ መሸጥ ከለከሉት፤ ለጠቅላላው 14,000 ብር ቆረጡለት። ከዚያ ላይ 2,500 ለግመል ኪራይ፣ 3,000 ደግሞ ላባቱ ለነበረበት ዕዳ ተቀነሰ። የተረፈውን ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኮንን፣ ከኋለኛው ራስ መኮንን፣ እንዲቀበል ታዘዘለት። የላባቱ አበዳሪዎች ነን የሚሉም ከየአቅጣጫው መጡበት። በዚህ መሐል ራምቦ አንድ የማይረባ ነገር ሠራ፤ የሟቹን የማስታወሻ ደብተሮች እንደ ተራ ወረቀት አቃጠላቸው። ኋላ እንደሰማው ከውስጡ የንብረት ሰነዶች ነበሩበት። ማስረጃውን በእጁ ያቃጠለ ተከራካሪ ምን ዓይነት ፍርድ እንደሚጠብቀው የታወቀ ነው።

የውጭ ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ ብልጡ ንጉሥ የዋሁን ገጣሚ እንዴት እንዳታለለ አድርገው ነው። እኔ አይታየኝም። የላባቱ ዕዳ መቀነሱ ዛሬ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የዕዳ መቻቻል የምንለው ነው፤ ራምቦ የሽርክናውን ትርፍ ሊወስድ ከመጣ ዕዳውንም መውሰዱ አይቀርም። ዋጋውን በተመለከተ ደግሞ ምኒልክ ስለ መሣሪያ ከነጋዴው ያነሰ አያውቁም ነበር። ረሚንግተንን ያዩ ናቸው፤ ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ስንት እንደሚያወጣ በሚገባ አስልተዋል። ዕቃውን አስይዞ ዋጋ መቁረጡ ግን ፍትሐዊ ውል ነው ብዬ አልከራከርም፤ ሻጩ ዕቃውን ይዞ የመመለስ ዕድል አልነበረውምና።

ራምቦ ትምህርቱን አገኘ ለማለት የሚያስደፍረኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። ታኅሣሥ 15 ቀን 1887 ለፈረንሳይ የባሕር ኃይልና የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ማመልከቻ ጻፈ። የጠየቀው የተሠራ ጠመንጃ ለማስገባት አልነበረም፤ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃና ጥይት መሥሪያ መሣሪያዎችን ኦቦክ በኩል ለማራገፍ ነበር። ጠመንጃው ፊዚ ግራ፣ በእኛ አፍ ውጅግራ የሆነው፣ 11 ሚሊሜትር ነው። የእሱ ጥይት ከካፕሱሉ ዘመን የተለየ ጣጣ አለው። እርሳሱን ማፍሰስ አይበቃም፤ የነሐስ ቀለህ ያስፈልጋል፣ ቀለህ ለመሥራት ደግሞ ማሽን። ያለ ማሽኑ ባለውጅግራ ሁሉ ባሕሩን የያዘው መንግሥት ጥገኛ ነው። ማመልከቻው በጥር 1888 ውድቅ ሆነ፤ በግንቦት ተፈቀደ፤ ብዙ ሳይቆይ እንደገና ታገደ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በሶማሌ ጠረፍ የመሣሪያ ንግድ ላይ ተስማምተው ነበር። ማሽኑ ሳይመጣ ቀረ። ጥይት እጅግ ከመወደዱ የተነሣ ኋላ በገበያችን ከአሞሌው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ማገልገሉን የታሪክ መጻሕፍት ይነግሩናል።

ከእንጦጦ ወደ ሐረር ሲመለስ አብሮት የተጓዘው ዡል ቦሬሊ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት የኦሞን ወንዝ ሊያጠና ወደ ጅማ የወረደው ሰው። ነፍጡም ያን ወንዝ ተከተለ። በ1898 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከከፋ ተነሥቶ ኦሞ የሚገባበት ሐይቅ ድረስ ዘልቆ ባንዲራ ተከለ። ራምቦ ያመጣቸው ጠመንጃዎች እዚያ ደርሰዋል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን እንጦጦ ላይ በብርና በፍራንክ የተሰላው ሂሳብ በኦሞ ዳር በከብትና በሰው እንደተከፈለ የሚጽፍ የራምቦ ታሪክ ጸሐፊ ብዙም አላየሁም።

ከ1888 ጀምሮ ሐረር ላይ የራሱን ንግድ ከፈተ፤ ከምኒልክ ስዊሳዊ መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋርም ይጻጻፍ ነበር። ባሪያ ነጋዴ ነበር የሚለው ክስ በኋለኞቹ ተመራማሪዎች ውድቅ ሆኗል። ሆኖም በ1889 መጨረሻ ኢልግን አንድ ጥሩ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲልክለት ጠይቆታል። ኢልግ ባሪያዎቹን አልልክም አለ። አድናቂዎቹ ይህን ደብዳቤ ቶሎ አልፈውት ይሄዳሉ፤ እኔ ማለፍ ያቅተኛል።

በየካቲት 1891 ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። ሚያዝያ 7 ቀን በቃሬዛ፣ በአሥራ ስድስት ተሸካሚዎች፣ ከሐረር ወደ ዘይላ ተነሣ። ግንቦት 27 ቀን ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ። ሐረር ላገለገለው ለጃሚ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጠው ተናዘዘ፤ ገንዘቡ ሲደርስ ግን ጃሚ ሞቶ ነበርና ለወራሾቹ ተከፈለ። ኅዳር 9 ቀን፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለአንድ የመርከብ ኩባንያ ኃላፊ ደብዳቤ በእህቱ እጅ አስጻፈ። መጀመሪያ የዝሆን ጥርስ ጭነት በቁጥር አስመዘገበ፤ ቀጥሎ በስንት ሰዓት መርከቡ ላይ መሸከም እንዳለበት እንዲነግሩት ጠየቀ። በማግስቱ በ37 ዓመቱ ሞተ።