አንትዋን ዳባዲ፦ የምድርን ልኬት ከነቀኑ የመዘገቡት ተመራማሪ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያን መልክዓ ምድር በመሣሪያ ለክተው ካጠኑ የውጭ አገር ሊቃውንት መካከል አንትዋን ዳባዲ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ።

እ.ኤ.አ በ1810 በአየርላንድ ደብሊን የተወለዱት ዳባዲ የተማሩት በፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ በ1836 በፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ተልዕኮ ወደ ብራዚል ተጉዘው፣ በኦሊንዳ ከተማ የኮምፓስ መርፌ በየዕለቱ የሚያሳየውን ጥቂት የአቅጣጫ ለውጥ ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ በ1838 ደግሞ ከወንድማቸው ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ።

እ.ኤ.አ በ1843 ወደ ደቡብ ምዕራብ በማምራት የሊሙ ኢናሪያውን ንጉሥ አባ ባጊቦን ያገኙ ሲሆን፣ ከዚያም የቡና መገኛ በሆነችው ከፋ እስከ ቦንጋ ዘልቀዋል። በጉዟቸው የተራሮችን አቅጣጫ በቴዎዶላይት፣ የቦታዎችን ከፍታ ደግሞ ውኃ በሚፈላበት የሙቀት መጠን እየለኩ፣ ውጤቱን ከቦታውና ከቀኑ ጋር መዝግበዋል።

ዳባዲ በወጣትነታቸው በመርፌ የተከታተሉትን የምድር መግነጢስ አለቶችም እንደሚመዘግቡት ሳይንስ ከጊዜ በኋላ በስፋት አረጋግጧል። ከቦንጋ እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ያለውን የቡና ምድር በአብዛኛው የሸፈኑት እሳተ ገሞራ ወለድ አለቶች ሲቀዘቅዙ፣ በውስጣቸው ያሉት የማግኔታይት ቅንጣቶች የዘመኑን የመግነጢስ አቅጣጫ ይዘው ቀርተዋል።

ይሁንና ይህ መዝገብ ሊሰረዝ ይችላል። ከሚዛን ተፈሪ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ወደ አኮቦ በሚወስደው ቆላ የሚታዩት ጥንታዊ አለቶች ከ600 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የመሬት ቅርፊት ክፍሎች ተጋጭተው ተራሮች ሲፈጠሩ፣ በጥልቀት ተቀብረው በከፍተኛ ሙቀት ተለውጠዋል። ማግኔታይት ከ580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ የቀድሞ መግነጢሱን አጥቶ፣ ሲቀዘቅዝ አዲስ ይይዛል። በመሆኑም የአለቱና የመግነጢሱ ዕድሜ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ተመራማሪዎች መዝገቡ የተያዘበትን ዘመን አስቀድመው ማጣራት ይጠበቅባቸዋል።

የዳባዲ ሥራ ጥቅም የሚጎላውም በዚህ ረገድ ነው። ዳባዲ የነጭ ዓባይ ዋና ምንጭ ግቤ እንደሆነ ያምኑ የነበረ ሲሆን፣ ግቤን የሚቀበለው ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ እ.ኤ.አ በ1896 የጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ጉዞ አረጋግጧል። መደምደሚያቸው ውድቅ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ ከ1860 እስከ 1873 በታተመው የኢትዮጵያ የምድር ልኬት ሥራቸው የሰፈሩት ልኬቶች ቦታቸውና ጊዜያቸው የታወቀ በመሆኑ፣ ሌሎች ሊመረምሯቸውና ሊያርሟቸው የሚችሉ ሆነው ቆይተዋል።

እ.ኤ.አ በ1848 ከኢትዮጵያ የወጡት ዳባዲ፣ እ.ኤ.አ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል። በፈረንሳይ ኦንዳይ ባሠሩት፣ የአማርኛ ጽሑፎች በሚታዩበት ሕንፃም የምድርን ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚከታተል መሣሪያ ተክለው ነበር። ሕንፃውን ለሳይንስ አካዳሚው አውርሰው፣ እ.ኤ.አ በመጋቢት 1897 በ87 ዓመታቸው በፓሪስ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።