የመቀሌው ምንጭና እቴጌ ጣይቱ

የሴቶችን የሥራ ድርሻ የሚያሳይ ትርኢት በቤተ መዘክር ሲዘጋጅ፣ እንዝርቱ፣ እንስራው፣ መሶቡና ጥልፍ ቀሚሱ በመስታወት ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ። መቀሌ ከተማም ለእንዲህ ያለው ትርኢት ዕቃ ብታዋጣ፣ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ብትልክ ተገቢ ነው፤ በእንዲህ ያለው መኪና ብዙ ወጣት ሴቶች የዕለት እንጀራቸውን አግኝተዋልና። ነገር ግን በዚችው ከተማ ሴት ከሠራችው ሥራ ሁሉ ታላቁ በመስታወት ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም። ምክር ነውና። የምክሩም ባለቤት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው።

ጣይቱ ከሰሜንና ከየጁ መሳፍንት ወገን ከነበሩት ከብጡል ኃይለ ማርያም ተወለዱ። አባታቸውን ገና በልጅነታቸው አጡ። ለሴት ልጅ ፊደል መቍጠር ብርቅ በነበረበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወትም ያውቁ ነበር። በ1875 ዓ.ም. ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በቍርባን ተጋቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ሥፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ፣ እርሳቸውም ከሁለት ቀን በኋላ የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ።

በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተለያየ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፣ ኢትዮጵያን ጥገኛ የሚያደርገውን ትርጕም አጥብቀው ከተቃወሙት አንዷ እቴጌይቱ ነበሩ። ነገሩ በቃል አላለቀምና በ1888 ዓ.ም. ከባላቸው ጋር ዘመቱ።

የኢጣልያ ጦር በአምባላጌ ድል ከሆነ በኋላ፣ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራው ክፍል በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ መሽጎ ይጠብቅ ነበር። ምሽጉን በፊት ለፊት ለመስበር የተሞከረው ውጊያ ብዙ የወገን ደም አፈሰሰ፤ ምሽጉ ግን አልተሰበረም። በዚህ ጊዜ እቴጌ ጣይቱ ጠላት ውሃ የሚቀዳው ከምሽጉ ውጭ ካለ ምንጭ መሆኑን ተረድተው፣ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ ወታደሮችም ልከው አስያዙት። መድፍ ያልበገረውን ምሽግ ጥም በገረው። በጥር ወር ጋሊያኖ በምኒልክ ፈቃድ ምሽጉን ለቆ ወጣ።

ይህ ምክር ከሴት መምጣቱ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ብዙ ሕዝብ የሚመገብበትን ግብር ቤት የምታስተዳድር እመቤት፣ ሰው ያለ ውሃ ስንት ቀን እንደሚቆይ ከጦር አለቃው ይልቅ ታውቀዋለች። የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ደግሞ ይኸው ዕውቀት ለወገን ዋለ፤ ሴቶቹ በእቴጌይቱ ትእዛዝ ለተዋጊውና ለቍስለኛው ውሃ ያመላልሱ ነበር።

ከድሉ በኋላ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በ1900 ዓ.ም. አስከፈቱ። ምኒልክ ሲታመሙም የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው ያዙ። ነገር ግን ለዘመዶቻቸው በማድላታቸው መኳንንቱ አደሙባቸውና በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ራቁ። ምኒልክ ካረፉ በኋላ በእንጦጦ ማርያም ተቀምጠው በየካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ በቤተ መዘክር እንስራ ያየ ተማሪ ወይም ወጣት ሹም፣ የሴት ድርሻ ውሃ መቅዳት ብቻ ነበር ብሎ እንዳይሄድ። ምንጩን ማስያዝም የሴት ሥራ ሆኖ ያውቃል። በየመሥሪያ ቤቱ ምክር ሲጠየቅ የሴቲቱ ቃል መጨረሻ የሚሰማ ከሆነ፣ የመቀሌውን ምንጭ ማስታወስ ይጠቅማል።